ዋስ የሌለው ሰማይ፦ ሦስት የአውሮፕላን ማሳረፊያ መሣሪያዎች በግዥ ኮሚቴ ሰው ዓይን

ሐምሌ 6 ጠዋት ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር እየበረርኩ ነበር። በማግስቱ ሥላሴ ነው። የማኅበሩ ተራ ደግሞ የእኔ። የሐዋርያት ጾም ተፈትቷል፣ በጉ ግቢ ውስጥ ታስሯል፣ ጠላው ደርሷል። የቀረ ነገር ቢኖር ደጋሹ ነው።

አውሮፕላኑ ዝቅ ማለት ጀመረ። በመስኮት ስመለከት ጣና የለ፣ ባሕር ዛፍ የለ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ የለ። እንደ ተነደፈ ጥጥ የነጣ ነገር ብቻ። ጎማው ሲዘረጋ ሰማሁ። "እሰይ፣ ደረስን" ከማለቴ ሞተሩ አጓራ። አፍንጫው ቀና አለ። እኔ ወደ ላይ ስወጣ ሆዴ እታች ቀረ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት "በስመ ሥላሴ!" ብለው ክንዴን ጨበጡኝ። ሃያ ደቂቃ ያህል ዞርን። ከዚያ ከፊት ድምፅ መጣ። በአየር ጠባይ ምክንያት ወደ አዲስ አበባ እንመለሳለን።

ባሕር ዳር የገባሁት ሐምሌ 7 ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው። ማኅበርተኛው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ መርቆ ሄዷል። ጽዋው ወደ ተረኛው ቤት ተሻግሯል። ባለቤቴ አንድ ጎድን አስቀምጣልኛለች። "ሙሴው ለአንተም መርቆልሃል" አለችኝ። እንደ ማጽናኛ መሆኑ ነው። በሃያ ሁለት ዓመት የማኅበር ዕድሜዬ በራሴ ድግስ ላይ ስቀር የመጀመሪያዬ ነበር።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ሂሳብ ካልሠራሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የግዥ ኮሚቴ ሰው ነበርኩ። ከወረቀት ማያያዣ እስከ ጄኔሬተር ገዝቻለሁ። ቴክኒካል ከ70፣ ፋይናንሻል ከ30 ማረም ደሜ ውስጥ ገብቷል። ባለቤቴ በርበሬ ስትገዛ እንኳ "ሦስት ፕሮፎርማ አምጪ" ብያት አውቃለሁ። ስለዚህ በዚያች ሌሊት የአልጋ፣ የታክሲ፣ የእራት ሂሳቤን ጻፍኩና ከሥሩ አንድ ጥያቄ አስቀመጥኩ። ይህ ሁሉ ቴክኖሎጂ ባለበት ዘመን ደመና ለምን ይመልሰናል? መሣሪያ ጠፍቶ ከሆነ ስንት ነው ዋጋው? ይገዛ!

የእህቴ ልጅ ረዳት አብራሪ ነው። ስልክ ደወልኩለት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስቸገርኩት፣ ብዙ አነበብኩ፣ ደብተር ሞላሁ። ይህ የምታነቡት ግምገማ የዚያ ደብተር ፍሬ ነው። ፓይለት አይደለሁም፤ ገዢ ነኝ። በገዢ ዓይን ነው የማየው።

መጀመሪያ ስፔሲፊኬሽን። የሚገዛው ነገር ሳይታወቅ ጨረታ አይወጣም።

አውሮፕላን ሲያርፍ አብዛኛውን ጊዜ 3 ዲግሪ ያዘነበለ መንገድ ይዞ ነው የሚወርደው። አንድ ኪሎ ሜትር ወደ ፊት በሄደ ቁጥር 52 ሜትር ያህል ይወርዳል። 10 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ከፍታው ከግማሽ ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ሰማዩ ጥርት ካለ ፓይለቱ መንደርደሪያውን በዓይኑ ይዞ ይመጣል። ደመና ሲሸፍነው ግን ሁለት ጥያቄ አለ። መሀል መሀሉን ነኝ ወይ? ከፍታዬስ ልክ ነው ወይ? የማሳረፊያ መሣሪያ ሥራው እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች መመለስ ነው። ሌላ ሥራ የለውም። ይህቺን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ስለዚህ ያው አውሮፕላን ጅቡቲ ከሚያርፍበት ይልቅ እዚህ ሲያርፍ መሬት ላይ የሚለካው ፍጥነቱ ወደ አስር በመቶ ገደማ ይበልጣል። ፍጥነት ሲጨምር የማሰቢያ ጊዜ ያጥራል። ለደጋ ሰው ትክክለኛ መሪ ቅንጦት አይደለም።

አንደኛው ተጫራች ሽማግሌው ነው። አይ.ኤል.ኤስ. ይባላል። በረዶ በሚጥልበት ቀን መንገደኛ የጫነ አውሮፕላን በዚህ ዘዴ እየተመራ አሜሪካ ፒትስበርግ ላይ ያረፈው በ1930 ዓ.ም. ጥር ወር ነው። ዓመቷን ልብ በሉ። ያኔ በላይ ዘለቀ እዚህ ጎጃም ውስጥ ከጣሊያን ጋር ይዋጋ ነበር። ዛሬ የባሕር ዳሩ አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራል። መሣሪያውም እስካሁን ከሥራ አልወጣም። እኔ በግዥ ዘመኔ እንዲህ ዕድሜ ያለው ዕቃ አላየሁም፤ ከወፍጮ በቀር።

አሠራሩ ሲገባኝ ደስ ነው ያለኝ። ከመንደርደሪያው ማዶ ጫፍ አንቴና ይቆማል። ወደሚመጣው አውሮፕላን ሁለት ድምፅ ይልካል። ሁለት እረኞች በግራና በቀኝ ሆነው ሲያፏጩ አስቡ። አንዱ ወፍራም ፉጨት፣ አንዱ ቀጭን። በቁጥር ካላችሁኝ 90 እና 150 ኸርዝ። ወፍራሙ ከበለጠ ወደ ግራ ወጥተሃል፣ ቀጭኑ ከበለጠ ወደ ቀኝ። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ መሀል ላይ ነህ። ሌላ አንቴና ደግሞ ከመንደርደሪያው ጎን ቆሞ በዚያው ዘዴ ከፍታውን ይነግራል። መሪው መሬት ላይ ነው፣ አውሮፕላኑ ይሰማል። ሳተላይት የለ፣ ኢንተርኔት የለ።

ውጤቱ ጥሩ ነው። በተራው ደረጃ ፓይለቱ ምንም ሳያይ እስከ 60 ሜትር ከፍታ ድረስ ይወርዳል። እዚያ ሲደርስ መብራቱን ወይም መንደርደሪያውን ማየት አለበት። ካላየ ይነሳል። ከዚያ ነጥብ መሬት እስኪነካ ሩብ ደቂቃ ያህል ነው የሚቀረው። ከፍ ያለው ደረጃ በጥቅጥቅ ጭጋግ ውስጥ አውሮፕላኑ ራሱን እንዲያሳርፍ ያስችላል። ለእሱ ግን መብራቱም፣ መጠባበቂያ ኃይሉም፣ የሠራተኛው ሥልጠናም አብሮ ማደግ አለበት።

አሁን ወደ ዋጋ። አንዱን ገዝቶ መትከል ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስወጣል። እሺ ይሁን። ግን መንደርደሪያ ሁለት ጫፍ አለው። ነፋሱ ሲዞር አውሮፕላኑ በሌላኛው ጫፍ ነው የሚገባው። አንድ አይ.ኤል.ኤስ. የሚያገለግለው አንዱን ጫፍ ብቻ ነው። ለሁለቱም ካላችሁ ሁለት ግዙ።

እውነተኛው ሂሳብ ደግሞ ከግዥው በኋላ ነው የሚጀምረው። ልዩ መለኪያ የጫነ አውሮፕላን በየጊዜው እየመጣ በላዩ እየበረረ ትክክለኛነቱን መመርመር አለበት። የከፍታው አንቴና ሞገዱን ከፊቱ ካለው መሬት ላይ አንጥሮ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ከፊቱ ያለው ሜዳ መስተካከል አለበት። ሣሩ መታጨድ አለበት። የጎጃምን የነሐሴ ሣር የምታውቁ ትስቃላችሁ። አንድ ሰው ማጭድ ይዞ ተቀጥሮ ቢውል እንኳ አይበዛበትም። አንቴናው ፊት የቆመ መኪና ምልክቱን ያዛባል። ላምም ከገባች ያው ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ወዲያው መነሳት አለበት። መብረቅ ሲመታው መለዋወጫ ከውጭ ይመጣል።

መለዋወጫ ስል አንድ ቁስል አለብኝ። አንድ ጊዜ ኮሚቴያችን ለአንድ መሥሪያ ቤት በጣም ጥሩ ጄኔሬተር ገዛ። ቴክኒካል 68 ከ70 ያገኘ። በሁለተኛው ዓመት አንዲት ጣት የምታህል ዕቃ ተሰበረች። ዕቃዋ እስክትመጣ አምስት ወር ሙሉ በሻማ ሠራን። ከዚያ ወዲህ "ስንት ነው?" የሚለውን ጥያቄ ሁለተኛ አድርጌዋለሁ። የመጀመሪያው "ሲበላሽ ማን ያድሰዋል?" የሚለው ነው።

በአውሮፕላን ነገር ደግሞ ብልሽቱ በሻማ አይታለፍም። በ1989 ዓ.ም. ክረምት ጉዋም ደሴት ላይ ከፍታ የሚነግረው ክፍል ለጥገና ተዘግቶ ነበር። ሌሊት ነው፣ ይዘንባል። አንድ ትልቅ አውሮፕላን ከመንደርደሪያው በፊት ካለ ኮረብታ ጋር ተጋጨ። ከ254 ሰዎች 228ቱ ሞቱ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም። የበረራ ቡድኑ አካሄድም ድካምም ነበረበት። ቢሆንም ማስታወሻዬ ላይ በቀይ ጻፍኩት። መሣሪያው ነበረ። የዚያን ዕለት ግን አይሠራም ነበር።

ያም ሆኖ ሽማግሌውን አትናቁ። ፍላይት ሴፍቲ ፋውንዴሽን የሚባለው የበረራ ደኅንነት ድርጅት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ከፍታን የሚመራ መሣሪያ ሳይኖር የሚደረግ አቀራረብ፣ ማለትም ለማረፍ ወደ መንደርደሪያው ተጠግቶ መውረድ፣ ካለው ጋር ሲነጻጸር አደጋው አምስት እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። አምስት እጥፍ! ለዚህ ነው እኔ ይህን ነገር "የመዘግየት ጉዳይ" ብዬ መጀመሬ ያሳፈረኝ። የእኔ ጠላና በግ የሂሳቡ ጥግ ላይ ያለች ሳንቲም ናት።

በነገራችን ላይ ሽማግሌውን ሊተካ የመጣ አንድ ጎልማሳ ነበር። ኤም.ኤል.ኤስ. ይባላል። በማይክሮዌቭ ነው የሚሠራው። በብዙ ነገር ይበልጠው ነበር፤ ጠመዝማዛ አቀራረብ ሁሉ ይችላል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ኢካኦ፣ በ1978 እ.ኤ.አ. መረጠው። ስብሰባው፣ ሙከራው፣ ሰነዱ ሲጓተት ዓመታት አለፉ። በመካከሉ ጂ.ፒ.ኤስ. መጣ። አሜሪካኖች በ1994 እ.ኤ.አ. ፕሮግራሙን አቆሙት። ጨረታ ሲጓተት ዕቃው ያረጃል የምንለው እዚያም አለ።

ሁለተኛው ተጫራች ከሰማይ ነው የሚመጣው። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ለጎጃም የሚቀርበው እሱ ነው ብዬ ስለማምን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አውሮፕላኑ የት እንዳለ በጂ.ፒ.ኤስ. ያውቃል። ከፍታውን ደግሞ በራሱ የአየር ግፊት መለኪያ ያውቃል። ኮምፒውተሩ ሁለቱን አጋጥሞ ያንኑ የ3 ዲግሪ መንገድ በሰማይ ላይ ይሠራል። መሬት ላይ አንቴና አይተከልም። ሣር አይታጨድም። የሚያስፈልገው መሬቱን፣ ተራራውን፣ ማማውን በጥንቃቄ ለክቶ የአቀራረብ ካርታ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ለሁለቱም ጫፍ ይሠራል። ኢካኦ በ2010 እ.ኤ.አ. ጉባኤው ላይ ሀገሮች ሁሉ ከፍታ የሚመራ እንዲህ ያለ አቀራረብ እስከ 2016 እ.ኤ.አ. እንዲያዘጋጁ የወሰነው ያለ ምክንያት አይደለም። በትንሽ ገንዘብ ብዙ ሰው የሚያድን ነገር ነው።

ጉድለቱስ? አንድ፣ እንደ አይ.ኤል.ኤስ. ዝቅ አያደርግም። ጥሩ በሚባለው ሁኔታ 75 ሜትር ገደማ ድረስ ነው። ኮረብታ ካለ ከዚያም ይጨምራል። የ15 ሜትር ልዩነት ለእኔ ብዙ አልመሰለችኝም ነበር። የእህቴ ልጅ ግን "ጋሼ፣ ደመናው 65 ሜትር ላይ ሲሆን ያቺ 15 ሜትር ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ማለት ናት" አለኝ።

ሁለት፣ በሰው አፍ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የግፊት መለኪያው ትክክል የሚሆነው ከማማው የዕለቱ ግፊት ሲነገረው ነው። በግንቦት 2014 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ተቆጣጣሪዋ 1001 ማለት ሲገባት 1011 አለች። አሥር ቁጥር ብቻ። አንዷ ቁጥር ከ8 እስከ 9 ሜትር ናት። አውሮፕላኑ በደመናና በዝናብ ውስጥ ሆኖ ልክ ነኝ እያለ ከ80 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ መጣ። ከመንደርደሪያው ገና ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሲቀረው ከመሬት 2 ሜትር ያህል ላይ ደርሶ ነበር። ፓይለቶቹ መብራት ስላላዩ ተነሱ። ማንም አልተጎዳም። ይህን ባነበብኩ ቀን የበላሁት አልወርድ አለኝ። ሁለት ሜትር እኮ የቤቴ በር ቁመት ነው።

ይህን ጉድለት የሚሞላ ነገር አለ። ስሙን ስሰማ ሳቅሁ። አሜሪካኖች "ዋስ" ይሉታል። በእነሱ ቋንቋ የአራት ቃላት ምህፃር ነው። በእኛ ግን ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይነገርም። ሥራውም ያው ነው! መሬት ላይ የተበተኑ ጣቢያዎች ጂ.ፒ.ኤስ.ን ቀን ከሌት ይከታተላሉ። ስህተቱን ያሰላሉ። ማስተካከያውን በሌላ ሳተላይት በኩል ለአውሮፕላኑ ይልካሉ። ጂ.ፒ.ኤስ. ቢዋሽ በሰከንዶች ውስጥ "እመኑኝ፣ ይህን አትቀበሉ" ይላል። ዋስ ማለት ይኸው ነው። በዚህ ዋስ ያለው አውሮፕላን ያለ ምንም የአየር ማረፊያ አንቴና እስከ 60 ሜትር ድረስ ሊወርድ ይችላል። የሽማግሌውን ያህል ማለት ነው። ግፊት የሚነግረው ሰው ቢሳሳት እንኳ መንገዱ አይዛባም።

ችግሩ ዋሱ የጎረቤት ዋስ አይደለም። የአሜሪካው በ1995 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለአሜሪካ ነው የተሠራው። የአውሮፓው ለአውሮፓ። ጣቢያዎቹ እዚያ ናቸው፤ የሚዋሱትም ለዚያው ሰማይ ነው። እዚህ ጎጃም ላይ ዋስ ጥራ ብትባል የምትጠራው የለም። የራሳችንን እንትከል ቢባል ደግሞ ለአንድ ሀገር ሸክሙ ከባድ ነው። በክፍለ አህጉር ደረጃ መዋጣትን ይጠይቃል። እንደ ዕቁብ።

ሦስተኛው ተጫራች ጂባስ ይባላል። አሳቡ ቆንጆ ነው። የቅቤ ገበያ የምታውቁ ቶሎ ይገባችኋል። ሚዛን ስትጠራጠር ልኩን የምታውቀውን አንድ ኪሎ ድንጋይ ትጭንበታለህ። ሚዛኑ 1.1 ካለ ስህተቱን አወቅህ። ከዚያ በኋላ የምትመዝነውን ሁሉ ታስተካክላለህ። ጂባስም አየር ማረፊያው ግቢ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አራት ተቀባዮችን ይተክላል። ቦታቸው በጥንቃቄ ተለክቷል። ጂ.ፒ.ኤስ. "እዚህ ናችሁ" ሲላቸው ስንት እንደሳተ ወዲያው ያውቃሉ። ስህተቱን በሬዲዮ ለሚመጣው አውሮፕላን ይነግራሉ። አንድ ጣቢያ ለሁሉም ጫፍ፣ ለብዙ አቀራረብ ያገለግላል። ሣር አያስጨንቀውም፤ ላምም ብዙ አታዛባውም። ብሬመን፣ ኒዋርክ፣ ሂውስተን፣ ፍራንክፈርት፣ ሲድኒ ገዝተውታል።

ወረቀቱን ሳነብ "አሸናፊው ይኸው!" ብዬ ነበር። ከዚያ ጥቃቅኑን ጽሑፍ አነበብኩ። የግዥ ሰው መጨረሻ ላይ የሚያነበው ሌላው ሰው የማያነበውን ነው።

ኒዋርክ ላይ ጣቢያው ሲተከል በየጊዜው እየታወከ አስቸገረ። ብዙ ከለፉ በኋላ አንድ ሾፌር ተያዘ። አየር ማረፊያው አጠገብ ባለው አውራ ጎዳና ነው የሚያልፈው። አለቃው መኪናውን በጂ.ፒ.ኤስ. ስለሚከታተለው፣ የት እንደዋለ እንዳይታወቅበት ማፈኛ ገዝቶ ሰክቷል። ከአለቃው ልሰወር ብሎ የአየር ማረፊያውን ጣቢያ አወከ። 31,875 ዶላር ተቀጣ። እኔ በዚህ ሾፌር በጣም ነው የሳቅሁት። ሲኖትራክ የሚነዱ ወዳጆቼን አውቃለሁ። ከአለቃ ለመሰወር ጥበባቸው ከዚህ አያንስም። ግን ሳቄ ሲያልቅ ነጥብ ቀነስኩ።

ሌላው የራሳችን ሰማይ ነው። ይህን ስሰማ እኔም ደንግጫለሁ። ከምድር በላይ አዮኖስፌር የሚባል በፀሐይ የተነካ የአየር ንብርብር አለ። የሳተላይቱ ምልክት በእሱ ውስጥ ነው የሚያልፈው። የመግነጢስ ምድር ወገብ የሚባለው መስመር ደግሞ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በዚህ መስመር አካባቢ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ንብርብሩ ውስጥ እንደ ጠላ አረፋ ያለ ነገር ይነሳል። ምልክቱ ይርገበገባል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ጂባስ የሚሠራው "እኔ ላይ ያለው ስህተት አንተም ላይ አለ" በሚል እምነት ነው። አረፋው በጣቢያውና በአውሮፕላኑ መካከል ከገባ እምነቱ ይፈርሳል። ድንጋዩ የተመዘነበት ሚዛን ሌላ፣ ቅቤው የተመዘነበት ሌላ ይሆናል። ጀርመን ላይ ቀላል የሆነው ነገር እዚህ በማታ በረራ ከባድ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህንኑ የሚያጠኑ የፊዚክስ ሰዎች አሉ። ጨረታ የሚያወጣ ሰው ከሻጩ በፊት እነሱን ቢያማክር ይሻለዋል።

በዚያ ላይ መቀበያው ሁሉም አውሮፕላን ላይ የለም። መሬት ላይ ሚሊዮን ዶላር አፍስሶ፣ የሚመጣው አውሮፕላን የማይሰማ ከሆነ ለደንቆሮ መዘመር ነው።

ከውድድር ውጪ አንድ ተጨማሪ ልጥቀስ፤ ዋጋው ትንሽ፣ ሥራው ግን ትልቅ ስለሆነ። ፓፒ ይባላል። ከመንደርደሪያው ጎን የተደረደሩ አራት መብራቶች ናቸው። ፓይለቱ ልክ ከሆነ ሁለቱ ነጭ፣ ሁለቱ ቀይ ይታዩታል። ከፍ ካለ ሁሉም ነጭ፣ ዝቅ ካለ ሁሉም ቀይ። ደመና ውስጥ አይረዳም። ከደመና ከወጡ በኋላ ግን፣ በተለይ ሌሊት፣ ከወርቅ ይበልጣል። አንድ ማታ ቦሌ አካባቢ ከእህቴ ልጅ ጋር ስንሄድ ከአጥሩ ማዶ አየኋቸው። አራቱም ቀይ ናቸው። "ተበላሽቷል! ማን ነው የገዛው?" አልኩ፣ የድሮ ሱሴ ተነስቶብኝ። ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ጋሼ፣ እኛ እኮ መሬት ላይ ነን። ከዚህ በላይ ዝቅ ማለት አለ እንዴ?"

አሁን ወደዚያች ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነገር ልመለስ። መሣሪያው የሚመልሰው ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው።

ሦስቱንም ገምግሜ ስጨርስ ለእህቴ ልጅ በኩራት ደወልኩ። "በል አሁን ንገረኝ፣ ሐምሌ 6 የትኛው ቢኖር ነበር የማርፈው?" አልኩት። ሰዓቱን ጠየቀኝ። የዕለቱን የአየር ሁኔታ መዝገብ አየና ዝም አለ። ከዚያ "ጋሼ፣ አይቆጡ" አለ። "ያን ጠዋት ማረፊያው ላይ የነበረው ነጎድጓድ ነው። ሦስቱም ቢተከሉ አያርፉም ነበር።"

ነጎድጓድ ሥር ነፋስ ከላይ ወደ ታች ይደፋል። መሬት ሲነካ በየአቅጣጫው ይበተናል። አውሮፕላን እዚያ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ያነሳዋል፣ ቀጥሎ ይጥለዋል። መሀል መሀሉን መሆንህን ብታውቅ፣ ከፍታህን ብታውቅ ምን ይጠቅምሃል? መመለስ ብቻ ነው መድኃኒቱ። ስለዚህ ያ ፓይለት የመሣሪያ እጥረት አልነበረበትም። ልቡ የሞላ ሰው ነበር። እኔ ደግሞ ስወርድ ፊቴን አጥቁሬበት ነው የወረድኩት። አሁን ባገኘው ያንን ጎድን ለእሱ እሰጠው ነበር።

ከዚያ ደብተሬን ከለስኩ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በዚህ መስመር 34 ጊዜ በርሬያለሁ። ስድስት ጊዜ ተጉላልቻለሁ። ሁለቱ አውሮፕላኑ ከሌላ ከተማ ዘግይቶ ስለመጣ ነው። አንዱ ገና ሳንነሳ በታየ ብልሽት። ሁለቱ በነጎድጓድ። ዝቅ ባለ ደመና ብቻ የተጉላላሁት አንድ ጊዜ ነው። የሚሊዮን ዶላሩ መሣሪያ የሚፈውስልኝ ከስድስቱ አንዷን ነው። የሌላው ሰው ደብተር ሌላ ይል ይሆናል። ቦሌን የመሰለ፣ አውሮፕላን በደቂቃዎች ልዩነት የሚወርድበት ቦታ ሂሳቡ ፍጹም ሌላ ነው። እዚያ አንዲት የደመና ጠዋት የምታስከትለው ኪሳራ ብቻውን መሣሪያውን ይገዛል። በቀን ጥቂት በረራ ለሚያስተናግድ ማረፊያ ግን ሚሊዮኑ የሚካፈለው ለጥቂት መንገደኛ ነው። ያ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ቲኬት ላይ ይመጣል።

ባሕር ዳር የኖረ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያስታውሳል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሳ ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ ውስጥ ገባ። ሁለቱም ሞተሮች ርግብ ዋጡ። ፓይለቶቹ መመለስ ሞክረው አልሆነም፤ ሜዳ ላይ በሆዱ አሳረፉት። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ርግብን አይ.ኤል.ኤስ. አያባርርም። ሣሩን የሚያጭድ፣ ቆሻሻ እንዳይከማች የሚጠብቅ፣ ወፍ የሚያባርር ሰው ነው የሚያባርረው። ደመወዙ በወር በብር ነው የሚከፈለው። እኔ በጀት ብሆን መጀመሪያ እሱን ነው የምቀጥረው። ቀጥሎ የአየር ጠባይ ተመልካቹን፣ ግፊቷን በትክክል አንብቦ የሚናገረውን።

ነጥቤን ልስጥ። ሽማግሌው አይ.ኤል.ኤስ. ቴክኒካል 58፣ ፋይናንሻል 12፣ ድምር 70። ከሰማይ የሚመጣው ቴክኒካል 48፣ ፋይናንሻል 28፣ ድምር 76። ዋስ ቢያገኝ ቴክኒካሉን 60 አደርገው ነበር። ጂባስ በወረቀት 62 ይገባው ነበር። ለእኛ የማታ ሰማይ ስል 45 ሰጠሁት፤ ፋይናንሻል 14፣ ድምር 59። ይግባኝ ያለው ይምጣ።

ስለ ደብረ ማርቆስ አውሮፕላን ማረፊያ ወሬ በተነሳ ቁጥር ሰው "ዘመናዊ መሣሪያ ይገጠምለት" ሲል እሰማለሁ። ጮቄ ተራራ በአንድ በኩል፣ የዓባይ ሸለቆ በሌላ በኩል ነው። በእኔ ምርጫ መጀመሪያ በጥንቃቄ የተሠራ የሳተላይት አቀራረብ ለሁለቱም ጫፍ፣ ጥሩ መብራት፣ የማይጠፋ ኃይል፣ ጠንካራ አጥር። መንገደኛው ሲበዛ ሽማግሌው ይጨመር። ብቻ የጥገና ውሉ ከግዥው ውል ጋር በአንድ ቀን ይፈረም።

ይህን ሁሉ ለባለቤቴ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። "እና ለሚቀጥለው ሥላሴ ምን ወሰንክ?" አለች። ቲኬቱን አሳየኋት። ሐምሌ 3 ነው የሚለው። አራት ቀን ቀደም ብዬ።